ህንዷ የሰጠችኝ ሳጥን

የባለቤቴ ተዝካር በወጣ ማግስት ታላቅ ወንድሙ ጋሼ ተሰማ አናጢ አስከትለው ጎፋ ቤቴ ከች አሉ። "የወንድሜን ሳጥን ለሁለት ላስቆርጥ ነው፤ ግማሹ የእኔ ነው" አይሉኝም! ሳጥኑ እኮ የኔ ነው። ጎረቤታችን የነበረችው ህንድ አስተማሪ ስትወልድ ያረስኳት እኔ ነኝ፤ አገሯ ስትመለስ "ላንቺ ነው" ብላ ሰጠችኝ። ቲክ ከሚባል ያገሯ ዛፍ የተሠራ ነው። ሄጄ ክዳኑ ላይ ቁጭ አልኩ።

"ከቆረጡ እኔንም አብረው ይቁረጡኝ!"

"አንቺ ሴት፣ ለአንድ እንጨት ነው ይሄ ሁሉ?"

"አዎ፣ ለእንጨት! በአገሯ መርከብ የሚሠሩበት፣ የቤት ምሰሶ የሚያቆሙበት፣ ቅጠሉን እንደ ሳህን ዘርግተው የሚበሉበት፣ ለጋውን ጨምቀው ልብስ ቀይ የሚነክሩበት ነው። ምስጥ እንኳ አይደፍረውም፤ እርስዎ ሊደፍሩት ነው?"

"በል ጀምር!" አሉት አናጢውን። እኔ አልተነሳሁም፤ እሱም ከጎኔ ጠርዙን ይገዘግዝ ጀመር። ለካ ቲክ መጋዝ ይበላል! አንዲት ጭረት እንዳወጣ የመጋዙ ጥርስ ደነዘ። "ጌታዬ፣ ሌላ መጋዝ የለኝም" ብሎ ዕቃውን ሰበሰበ። ጋሼ ተሰማ እየተራገሙ ወጡ። እኔ ግን ከሄዱም በኋላ ከሳጥኑ አልወረድኩም።

ጭረቷ ዛሬም አለች። ልጆቼ በቫርኒሽ እናጥፋት ሲሉኝ እቆጣለሁ።

"እንዳትነኳት! ድንበሬ ናት።"