መጀመሪያ እናት ትቅመሰው

(ተራራ ጫፍ ላይ ባለችው የጭላ አምባ ጤና ጣቢያ፣ ዶክተር ናሁሰናይ ደሴ ከተማ ሆስፒታል ተቀምጦ ከሩቅ የሚያንቀሳቅሰው የማሽን ክንድ የነፍሰ ጡሯን የስመኝን ሆድ ለማየት ተዘርግቷል፤ እሱ ያላወቀው ነገር ቢኖር፣ ስመኝን ጥግ አስቀምጣ፣ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ አልጋው ላይ የተጋደመችው እናቷ ወይዘሮ ደብሪቱ መሆኗን ነው።)

ናሁሰናይ፦ ስመኝ፣ ክንዱን ልቀቂው እንጂ! እንዲህ አንቀሽ ከያዝሽው እንዴት ልይ?

ደብሪቱ፦ መጀመሪያ እሱ ይልቀቀኝ! ደሴ ቁጭ ብለህ እዚህ ሰው ትኮረኩራለህ?

ናሁሰናይ፦ ቅባቱ ቀዝቅዞሽ ነው፣ ትንሽ ታገሺኝ። ኧረ ግራ ገባኝ! ስንት ወርሽ ነው?

ደብሪቱ፦ ስምንት ገብቷል።

ናሁሰናይ፦ ታዲያ ልጁ የታለ?

ደብሪቱ፦ እኔን ትጠይቀኛለህ? የምታየው አንተ!

ናሁሰናይ፦ እኔ እስካሁን ከሆድ መነፋት በቀር ያየሁት የለም።

ደብሪቱ፦ ጎሽ! ባቄላ መብላቴን አወቀብኝ። ማሽኑስ ደህና ነው። ስመኝ፣ ነይ ተኚ፤ አያምም።

ናሁሰናይ፦ ምን? እርስዎ ደግሞ ማን ነዎት?

ደብሪቱ፦ እናቷ ነኛ! ደብሪቱ እባላለሁ።

ናሁሰናይ፦ በፈጠረዎት! ልጅዎ ደም ታይቷት እርስዎ ይተኛሉ?

ደብሪቱ፦ ጠላ እንኳ ለእንግዳ ሲቀርብ አሳላፊው ቀምሶ ነው። ይሄን ብረት ሳልቀምስ የልጄ ሆድ ላይ ላሳርፈው?

ናሁሰናይ፦ እሺ፣ ቀመሱት። እንዴት አገኙት?

ደብሪቱ፦ ይቀዘቅዛል እንጂ አይቆነጥጥም። በል፣ ተኝታልሃለች፤ ቀስ እያልክ።

ናሁሰናይ፦ ስመኝ፣ አይዞሽ። መጣሁ... ይኸው! እማማ፣ ስክሪኑን ይዩት። ያቺ ቱር ቱር የምትለው ልቡ ናት።

ደብሪቱ፦ እልልልል! የኔ ጌታ! በል ይበቃናል፣ ቤታችን እንግባ።

ናሁሰናይ፦ የት ይሄዳሉ? ገና አልጨረስኩም። ... እማማ፣ የደሙን ምክንያት አገኘሁት። የእንግዴ ልጁ ወደ ታች ወርዶ የማህፀኑን አፍ ዘግቶታል።

ደብሪቱ፦ ዘግቶታል ስትል?

ናሁሰናይ፦ ልጁ መውጫ የለውም። ምጥ ከመጣ ደሟ ይፈሳል። ዛሬውኑ በአምቡላንስ እኛ ዘንድ ትምጣ፤ በቀዶ ጥገና ትወልዳለች።

ደብሪቱ፦ አይሆንም! የመጀመሪያ ልጅ የሚወለደው በእናት ቤት ነው። ከባሏ ቤት ያመጣኋት ለዚሁ ነው። ቤቱን ለቅልቄ፣ የገንፎውን ገብስ አስፈጭቼ!

ናሁሰናይ፦ አውቃለሁ፣ ግን ክረምቱ ገባ እኮ። ወንዙ አንዴ ከሞላ መኪና አያልፍም።

ደብሪቱ፦ አማቶቿስ ምን ይላሉ? እናት እያላት ሰው አገር ወለደች ሊሉ ነው!

ናሁሰናይ፦ ይበሏ!

ደብሪቱ፦ ለአንተ ቀላል ነው። ይሄ ክንድህ አለ አይደል? እዚሁ ያዋልዳት!

ናሁሰናይ፦ እሱ ማየት ብቻ ነው የሚችለው። ደም ቢፈሳት አያቆምላትም፤ እኔም ከዚህ ሆኜ አልደርስላትም።

ደብሪቱ፦ ... እስቲ እውነቱን ንገረኝ። ትሞትብኛለች?

ናሁሰናይ፦ እዚያ ምጥ ከያዛት እፈራላታለሁ። እዚህ ከመጣች ግን፣ እናትም ልጅም ደህና የመሆን ዕድላቸው ሰፊ ነው። ስለዚህ ነው የምለምንዎት።

ደብሪቱ፦ እኔም ፈራሁ፣ ልጄ። አንድ እሷ ናት ያለችኝ። በል፣ መኪናውን ጥራው።

ናሁሰናይ፦ ተመስገን! እርስዎ ታዲያ ደሴ የት ያርፋሉ? ዘመድ አለዎት?

ደብሪቱ፦ የምን ዘመድ! ዱቄቴንና ቅቤዬን ይዤ አልጋዋ ሥር ነኝ። አማቶቿ ከጠየቁህ፣ እናቷ ቤት ወለደች በላቸው፤ ዘንድሮ የደብሪቱ ቤት ደሴ ነው!