ብል ያልነካው ክፍል

ክቡር ዳይሬክተራችን፣ ክቡራትና ክቡራን ባልደረቦቼ፤

ዓርብ ከሰዓታችሁን ለኔ ለሰጣችሁኝ፣ አዳራሹን ላስጌጣችሁት፣ ኬኩን ላዘዛችሁት፣ ሥራችሁን ጥላችሁ ልትሸኙኝ ለመጣችሁ ሁሉ እግዜር ይስጥልኝ። ሥራችሁን መጣሉ ብዙም እንዳልከበዳችሁ አውቃለሁ። ቢሆንም ምስጋናዬ ከልቤ ነው።

የፕሮግራም መሪያችን አምስት ደቂቃ እንዳለኝ በጆሮዬ ሹክ ብሎኛል። ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርቼ አምስት ደቂቃ? ቢካፈል ለአንዱ ዓመት አስር ሰከንድ እንኳ አይደርሰውም። ስለዚህ ትንሽ ባልፍ ታገሱኝ። ከዛሬ በኋላ በዚህ ቤት የምናገርበት ማይክሮፎን የለኝም።

አብዛኞቻችሁ የምታውቁኝ የምድር ቤቱን የቅርስ ማከማቻ ቁልፍ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ስዞር ነው። የቀራችሁት ደግሞ በየዓመቱ ከዩኒቨርሲቲ ለተግባር ልምምድ የሚላኩልንን የታሪክ ተማሪዎች ስቆጣ ሰምታችሁኛል። አሥራ ስምንት ዓመት ተቀብያቸዋለሁ፤ ስድሳ አራት ልጆች ናቸው። ሲመጡ ከረባት አስረው፣ ጫማቸውን አስጠርገው፣ ጎብኚ ሊያስጎበኙ ነበር የሚመጡት። እኔ ደግሞ በመጀመሪያው ቀን ብሩሽ አስጨብጣቸዋለሁ።

«እትዬ፣ እኔ እኮ የመጣሁት ታሪክ ልማር ነው» አለኝ አንዱ ኩሩ።

«ታሪኩ አቧራው ሥር ነው፤ ጥረግ!» አልኩት።

የብሩሽ ሳምንት ትሉት የለ? እኔ ነኝ የፈጠርኩት። ምድር ቤት ጥግ ላይ ያለውን የእንስሳቱን ክፍል ታውቁታላችሁ። አንበሳው፣ ጎሹ፣ አጋዘኖቹ፣ ወፎቹ፣ ቆዳቸው በጭድ ተሞልቶ የተሰፋ አርባ ሦስት እንስሳት። ልጆቹ ሳምንቱን ሙሉ ጸጉርና ላባ ሲያበጥሩ ይውሉና ከወፍጮ ቤት የወጡ መስለው፣ ቅንድባቸው ሳይቀር ነጭ ሆኖ ይወጣሉ። ደረጃው ላይ ደርድሬ ፎቶ አነሳቸዋለሁ። ጓንት ሲጠይቁኝ ደግሞ ምን እል ነበር መሰላችሁ? «ቅርስ በእጅ ተዳብሶ ነው የሚታወቅ!»

አትሳቁ። እኔም ብዙ ዓመት ስቄበታለሁ።

አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። በዚህ ሙዚየም ብል ያልበላው ነገር አለ? ምንጣፉን በልቷል። የጥንቱን ካባ በልቷል። የቀድሞው ዳይሬክተራችን ለእንግዳ ብለው ቢሯቸው የሰቀሉትን ኮት በልቷል። የእንስሳቱን ክፍል ግን በሠላሳ አንድ ዓመት አንድ ቀን ነክቶት አያውቅም። እኔም በየስብሰባው «የኔን ክፍል እዩ፣ አያያዝ ማለት ይህ ነው» እያልኩ ስኩራራ ኖሬአለሁ። ብል ያወቀውን እኔ አላወቅኩም ነበር።

ከሁለት ወር በፊት አንዲት የድሮ ተማሪዬ ልትጠይቀኝ መጣች። ሥራ ላይ ስታንጎራጉር ስለምትውል «ዘፋኟ» ነበር የምንላት፤ የቆያችሁት ታስታውሷታላችሁ። ልምምዷን ከጨረሰች በኋላ ክፍሉን ወዳው ሁለት ዓመት በረዳትነት አብራኝ ሠርታለች። አሁን አስተማሪ ናት፣ የአንድ ልጅ እናት። ከወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጣ እጇን ዘረጋችልኝ። መዳፏ ላይ ጠጣር ጠጣር ፍሬ ወጥቷል። ጥፍሮቿን ነጭ መስመር አቋርጧቸዋል።

«ቾክ መያዝ አቅቶኛል፣ እትዬ» አለችኝ። «እግሬም መሬት መርገጡን አይነግረኝም። ሐኪሙ ከመርዝ ጋር የሚያገናኝ ሥራ ሠርተሽ ታውቂያለሽ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ኧረ እኔ ሙዚየም ነው የሠራሁት ብዬ ሳቅኩበት።»

እሷ ሳቀች። እኔ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ።

የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት አሮጌውን ባሕረ መዝገብ ወደ አዲስ ካርድ ስንገለብጥ፣ የእንስሳቱን የገለበጠችው እሷ ነበረች። አዲሱ ካርድ ስም፣ ቁጥር፣ ቁመት፣ የተገኘበት ቦታ የሚል ነው። አሮጌው መዝገብ ግን በስተቀኝ ሌላ ዓምድ ነበረው፤ እያንዳንዱ እንስሳ ፊት ለፊት በቀይ ቀለም ምልክት ተደርጎበታል።

«እትዬ፣ ይቺን ቀይ ምልክት የት ላድርጋት?»

«ካርዱ ላይ ቦታ አላት?»

«የላትም።»

«እንግዲያው ዝለያት።»

አርባ ሦስት ጊዜ ዘለለቻት። ታዛዥ ልጅ ነበረች።

የዚያን ዕለት ዘፋኟን ሸኝቼ ወደ ምድር ቤት ወረድኩ። መዝገቡን ከታችኛው መደርደሪያ አውጥቼ የመጀመሪያውን ገጽ ገለጥኩ። የምልክቱ ፍቺ ከላይ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ ተጽፏል፦ «ቆዳው ብል እንዳይበላው በአርሰኒክ መርዝ ዱቄት ታሽቷል። በባዶ እጅ አይነካም። አይራገፍም።» የጻፉት ከኔ በፊት የነበሩት ኃላፊ ናቸው። ቁልፉን ሲያስረክቡኝ «ከዚያ ክፍል ስትወጪ ሳትታጠቢ ምግብ እንዳትነኪ» ብለውኝ ነበር። ጋሼ ንጽሕና ያበዛሉ ብዬ ነው ያለፍኩት።

አሁንም አላመንኩም። ሰው የማይፈልገውን ነገር እንዴት ቶሎ ያምናል? አንድ ቁንጥር ዱቄት በፖስታ አድርጌ ለዩኒቨርሲቲው የኬሚስትሪ መምህር ወሰድኩ። እኩለ ቀን ሳይሆን ደወለልኝ።

«በምንድን ነው የያዙት?»

«በፖስታ።»

«እሱን አይደለም። ሲቆነጥሩት በምን ያዙት?»

ጣቶቼን አየኋቸው።

«ይታጠቡ» አለኝ። «አሁኑኑ ይታጠቡና መልሰው ይደውሉልኝ።»

ባልደረቦቼ፣ ሦስት ደብዳቤ ጽፌአለሁ። ለመጀመሪያው «ጉዳዩ በባለሙያ ይታያል» ተባልኩ። ለሁለተኛው «ከአዳራሹ መክፈቻ በኋላ ይታያል።» አዲሱ የእንስሳቱ አዳራሽ ከአምስት ሳምንት በኋላ እንደሚመረቅ፣ ጥሪውም እንደተበተነ ታውቃላችሁ። ሦስተኛውን በእጄ ነው ያስገባሁት። ክቡር ዳይሬክተር፣ ያኔ ምን እንዳሉኝ ያስታውሳሉ? «ሦስት ሳምንት ቀርቶዎታል፣ በሰላም ይውጡ» ነው ያሉኝ። በቁጣ እንዳይመስላችሁ። ሻይ ጋብዘውኝ፣ በለሆሳስ ነው ያሉኝ። ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ባለፈው ማክሰኞ ቁልፌ አልከፍት አለኝ። ዝጎ መስሎኝ ዘይት ልፈልግ ስሄድ፣ የበሩ ጋን ቁልፍ ተቀይሯል አለኝ ጥበቃው። ሐሙስ ዕለት ርክክብ ብለው ሲያስገቡኝ ደግሞ ባሕረ መዝገቡ ከቦታው የለም። ማን እንደወሰደው የሚያውቅ ጠፋ። ገጹን አስቀድሜ ፎቶ አንስቼዋለሁ፤ የላብራቶሪውም ወረቀት አለኝ፤ ሁለቱም ከቤቴ ውጭ ሦስት ሰው ጋ ተቀምጠዋል። ሠላሳ አንድ ዓመት ዕቃ ጠባቂ ነበርኩ፣ ይህን ያህል እችላለሁ።

የኔ ልጅ፣ ማይኩን ተወው። ሁለት ደቂቃ ብቻ። አዎ፣ ምልክት ሲሰጡህ አይቻለሁ።

እዚያ ኋላ የተቀመጡትን ልጆች አይታችኋቸዋል። የልጅ ልጆቼ መስለዋችሁ ኬክ ስታጎርሷቸው ነበር። አይደሉም። ለቤተሰብሽ ብላችሁ አሥራ ሁለት የጥሪ ካርድ ሰጥታችሁኝ ነበር። ባለቤቴ ቤት ነው፤ ልጆቼም ተቀይመውኝ ቤት ናቸው። ካርዱን የሰጠሁት ሰኞ ጠዋት ልምምድ ለሚጀምሩት አሥራ ሁለት ተማሪዎች ነው።

ልጆቼ፣ ስሙኝ። ሰኞ ብሩሽ ይሰጧችኋል። ፈገግ ብለው ነው የሚሰጧችሁ፤ እኔም ፈገግ ብዬ ነበር የምሰጠው። አትቀበሉ። ነጥብ እንቀንሳለን ቢሏችሁ ይቀንሱ። ዱቄቱ አይሸትም፣ ቆዳ አያቃጥልም፣ የዚያኑ ቀን ምንም አያደርጋችሁም። ደህና ነን ብላችሁ ፎቶ ትነሳላችሁ። ነገሩ የሚመጣው ኋላ ነው፣ ሥራ ይዛችሁ፣ ልጅ ወልዳችሁ፣ ይህን ቤት ከረሳችሁት በኋላ።

ጽዳት ላይ ያላችሁ እህቶቼ፣ እናንተን ደግሞ ማንም አልቆጠራችሁም፤ እኔም ጭምር። ያንን ወለል ከማንም በላይ የጠረጋችሁት እናንተ ናችሁ። ነገ ሳትሉ ሐኪም ጋ ሂዱ። የማይፈቅድላችሁ አለቃ ካለ ስሙን ንገሩኝ።

የኔም ጥፍር ላይ መስመሩ አለ። ለኔ አትዘኑ፤ እኔ አዛዥ ነበርኩ።

ከስድሳ አራቱ ልጆች አርባውን በስልክ አግኝቼአቸዋለሁ። ብዙዎቹ ደህና ነን ብለውኛል፤ ጥቂቶቹ ግን «እትዬ፣ ለምን ጠየቁኝ?» አሉኝ። የሁለቱን ስልክ ያነሱት ወንድምና እናት ናቸው። «እሱ እኮ አርፏል» አለችኝ እናቲቱ። በምን እንደሞተ አልጠየቅኳትም። ወንድምየውንም አልጠየቅኩት። መጠየቅ ነበረብኝ፤ ድፍረት አጣሁ። ነገ መልሼ እደውላለሁ።

እንግዲህ ልመርቃችሁና ልውረድ። ክቡር ዳይሬክተር፣ ሰኞ ሳይደርስ ያን በር የሚያሽግ ልብ ይስጥዎት። ባልደረቦቼ፣ አይታችሁ ዝም ከማለት ይሰውራችሁ። የምትይዙት ሁሉ ይባረክ፣ ልጆቻችሁ በጤና ይደጉላችሁ፣ እርጅናችሁ የምታፍሩበት ነገር የሌለው ይሁን።

ለራሴ ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ነው የምለምነው። ገና ያላገኘኋቸው ሃያ ሁለት ልጆች አሉ። ሃያ ሁለቱም ስልኩን አንስተው «እትዬ፣ ምን ሆነዋል? እኛ እኮ ደህና ነን፣ እርስዎ አርጅተዋል» ብለው ይሳቁብኝ። ፈጣሪ እኔን ያሳፍረኝ፣ እነሱን ያኑርልኝ።