ከመኪናዬ ባትሪ ስለጎደለው ኃይል

የምስክር ቃል

የቃል ሰጪው ሙሉ ስም፦ መሳፍንት አካለ ወልድ እንዳላማው
ዕድሜ፦ 46
ሥራ፦ ሾፌር (ከደብረ ማርቆስ ሉማሜ፣ በራሱ የኤሌክትሪክ መኪና)
አድራሻ፦ ደብረ ማርቆስ ከተማ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ሐምሌ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ጠዋት
ጉዳዩ፦ በደመላሽ ኃይለ ሚካኤል ላይ የቀረበ የስርቆት ጥርጣሬ

እኔ ስሜ ከላይ የተጠቀሰው ቃል ሰጪ ትናንት ማታ በስልክ ያመለከትሁትን በጽሑፍ ለማስያዝ ቀርቤያለሁ። ትናንት ያልሁትና ዛሬ የምለው ግን አንድ ስላልሆነ ነገሩን ከመነሻው አስረዳለሁ።

አባቴ መሪጌታ አካለ ወልድ ሰማንያን ያለፉ፣ ዲማ ለብዙ ዘመን ቅኔ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ሳንባቸው ስለደከመ አሁን ከእኔ ጋር ይኖራሉ። ሐኪም ባዘዘላቸው መሠረት በመብራት የሚሠራ የኦክስጅን ማሽን ቤት ውስጥ ተተክሎ፣ ቱቦው በአፍንጫቸው ገብቶ በእርሱ ይተነፍሳሉ። መብራት ሲጠፋ ሲሊንደር እንከፍትላቸዋለን፤ ሲሊንደሩ ግን ከግማሽ ቀን አያልፍም። ክረምት በገባ ቁጥር ደግሞ ነፋሱ ምሰሶ ይጥላል። እኔ ሉማሜ ሆኜ በማርቆስ በኩል ደመና ሲጠቁር ባየሁ ቁጥር ተሳፋሪ መጫኑን ትቼ መመለስ ያምረኛል።

ተጠርጣሪው ደመላሽ ይህን ጭንቀቴን ከሰው ሰምቶ ነው የመጣው። የሚሸጠው ቻርጀር በሁለት በኩል የሚሠራ ነው፤ መብራት ሲኖር ከቤት ወደ መኪናው ይሞላል፣ ሲጠፋ ደግሞ ከመኪናው ባትሪ ወደ ቤቱ ይመልሳል። ባትሪው ከሞላ የአባቴን ማሽንና አምፖሎቹን ለቀናት ይዞ እንደሚቆይ ነገረኝ። እኔ ግን ወዲያው አላመንሁም፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው። እንዲህ ደግ ዕቃ ከሆነ ለምን በራሱ ቤት እንዳላስገባው ጠየቅሁት። «ጋሼ፣ እኔ እኮ መኪና የለኝም» አለኝ። መኪና የሌለው ሰው ስለ መኪና እንዲህ አፉን ሞልቶ ሲናገር ይበልጥ ጠረጠርሁት። መጀመሪያ በነፃ ሞክረው ይግዙ ሲለኝማ ጭራሽ ባሰብኝ። እኔ እስከማውቀው በነፃ የሚገኝ ጠበል ብቻ ነው።

ትናንት ማለዳ ከባድ ዝናብና ነፋስ ስለነበረ የሰፈሩ መብራት በሙሉ ጠፋ። ከሰዓት በኋላ ሲሊንደሩ እያለቀ ሲመጣ ምርጫ አጣሁና ደመላሽን ጠራሁት። ሲገጥም ከአጠገቡ አልተለየሁም። ቦርሳውንም አስከፍቼ ፈትሻለሁ። ምሰሶ ላይ የሚሠራ ሰው እንዳይጎዳ ቤቱን ከመንገዱ መስመር የሚለይ ማብሪያ ማጥፊያ ቆጣሪው ሥር አሰረ፤ ከቆጣሪው ወደ ውጭ ምንም ኃይል እንደማይወጣም አስረዳኝ። አመሻሹ ላይ ሲያበራው ማሽኑ ሠራ፣ አባቴም ቱቦውን አድርገው ፊታቸው መለስ አለ። በጣም ደስ አለኝ። ደስታዬን ግን ከደመላሽ ደበቅሁ፤ ገዢ ጥርሱን ካሳየ ዋጋ ይጨምራል።

በዚያው ቅጽበት ከአጥሩ ጀርባ የልጆች ድምፅ «መጣ! መጣ!» ሲል ሰማሁ። መብራት የመጣ መስሎኝ ወደ ደጅ ሮጥሁ። የመንገዱ አምፖል አልበራም። ፊት ለፊት ያሉትን ጎረቤቶች ጮኼ ብጠይቅ «ኧረ የት መጥቶ!» አሉኝ። ታዲያ ማን ነው የጮኸው፣ እንዴትስ ልክ እርሱ ሲያበራ ጮኸ ብዬ ደመላሽ ከአጥሩ ወዲያ ግብረ አበር አለው ብዬ አሰብሁ። ተመልሼ ደመላሽን እንዳይሄድ አቆየሁት፤ ከሁለት ሰዓት ያህል በኋላ የመኪናውን ስክሪን ሳይ ባትሪው ሌሊቱን ሙሉ ይጎድላል ከተባለው በላይ ጎድሏል። ምንድን ነው ይህ ብዬ አፈጠጥሁበት። ደንግጦ «ቤት ውስጥ ሌላ የተሰካ ነገር ይኖራል?» አለኝ። ከማሽኑና ከሁለት አምፖል በቀር ምንም የለም። ራሱን ማከክ ጀመረ። ማከኩን እንደ እምነት ቃል ቆጠርሁበት፤ የግቢውን በር ቆልፌም ፖሊስ ጠራሁ። ሲወሰድ «ብቻ ማሽኑን እንዳያጠፉት፣ አባትዎ ይጎዳሉ» ብሎኛል። ይህንንም ተንኮል ነው ብዬ ነበር።

ደመላሽ ከሄደ በኋላ መኪናው ውስጥ ገብቼ ስክሪኑን ስጠብቅ ባትሪው እንደ ቀድሞው መጉደሉን ቀጠለ። ሌባ ያልሁት ጣቢያ ታስሯል፣ ስርቆቱ ግን እኔ ቤት አልቆመም። ወርጄ ቤቱን ዞርሁ። ሰፈሩ ጨልሞ ጸጥ ስላለ ከአጥራችን ጌሾ በስተጀርባ ፍሪጅ ሲያጉረመርም ሰማሁ። ድምፁ የመጣው ወተትና ለስላሳ ከሚሸጡት ጎረቤታችን ከወይዘሮ ነፊሳ ቤት ነው። በስልኬ ባትሪ ሳበራ ከእኔ ጣሪያ ሥር የተነሳ ጥቁር ሽቦ በጌሾው መሐል አልፎ ቤታቸው ይገባል። ቆጣሪያቸው ከፋሲካ ወዲህ ተቃጥሎ አዲስ እየጠበቁ እንደሆነ አውቅ ነበር። ሽቦውን ግን አላውቅም ነበር። ኋላ እንደሰማሁት፣ እኔ ደምበጫ ገበያ ሰው ጭኜ በሄድሁበት ቀን ያስቀጠሉላቸው አባቴ ናቸው። በእኛ ሰፈር ቆጣሪው የተቃጠለበት ሰው አዲስ እስኪገባለት ከጎረቤት ቀጥሎ ይጠቀማል፤ ነውርም ስርቆትም አይባልም። ሽቦው ከቆጣሪው ወዲህ ስለተቀጠለ የደመላሽ ማብሪያ ማጥፊያ አልለየውም። ልጆቹም «መጣ» ያሉት የመኪናዬን ባትሪ ነው።

በጣም ተናደድሁ። ፒንሳ አምጥቼ ሽቦውን ስይዝ አባቴ በመስኮት አዩኝ።

«ምን ልታደርግ ነው?» አሉኝ።

«ልቆርጠው ነዋ። የእርስዎን ትንፋሽ እኮ ነው የእትዬ ነፊሳ ፍሪጅ የሚጠጣው» አልኋቸው።

«የሰጠኋት እኔ ነኝ።»

«አባባ፣ ያኔ የሰጡት የመንገዱን መብራት ነው። ይኸኛው የራስዎ ሕይወት ነው።»

«ከተረፈውማ ማን አይሰጥ» አሉኝ። ከዚያ ቱቦውን ከአፍንጫቸው አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡና «በል፣ ከእኔ ጀምር» አሉ። ቀልድ መስሎኝ ትንሽ ቆምሁ። ከንፈራቸው መጥቆር ሲጀምር ፒንሳውን ጥዬ ገባሁና ቱቦውን በእጄ መለስሁላቸው። ፍርሃትና ንዴት አንድ ላይ ያዘኝ። እርሳቸው ግን አልተቆጡኝም።

ጭቅጭቃችንን ሰምተው ወይዘሮ ነፊሳ መጡ። መብራቱ ከመኪና እንደሆነ ስነግራቸው በድንጋጤ ጭንቅላታቸውን ያዙ። ወዲያው ተመልሰው ፍሪጁንና የኤሌክትሪክ ምድጃውን ነቀሉ። አባቴ መልሰሽ ሰኪ ብለው ቢያዟቸውም «አባ፣ ወተት ቢበላሽ ነገ ሌላ ይታለባል» ብለው እምቢ አሉ፤ ለልጆቹ አንድ አምፖል ብቻ አስቀሩ። ከዚያ በኋላ ባትሪው ደመላሽ እንዳለው በዝግታ ነው የጎደለው።

ስለዚህ ደመላሽ ኃይለ ሚካኤል ከእኔ የሰረቀው ነገር የለም። ሌሊቱን ጣቢያ ያሳደረው የእኔ ጥርጣሬ ስለሆነ እንዲለቀቅልኝ እጠይቃለሁ። አሁንም ሊሸጥልኝ ፈቃደኛ ከሆነ ቻርጀሩን እገዛለሁ። መርማሪዋ ሽቦውን ቆርጠኸው እንደሆነ ብላ ጠይቃኝ አለመቁረጤን፣ እንደማልቆርጠውም ገልጫለሁ። ባለመኪና ሆነህ በዝናብ ለምን በእግርህ መጣህ ብላም ጠይቃኛለች። መብራት እስካሁን አልመጣም። መኪናው ግቢ ቆሞ ሁለት ቤት ይዟል።

ይህን ቃል ማንም ሳያስገድደኝ ሰጥቼ፣ ተነብቦልኝ የተናገርሁት መሆኑን አረጋግጬ፣ ሐሰት ቢገኝበት በሕግ እንደምጠየቅ አውቄ ፈርሜያለሁ።

የቃል ሰጪው ፊርማ፦ መሳፍንት አካለ ወልድ
ቃሉን የተቀበለችው፦ ረዳት ሳጅን እስከዳር አስማማው፣ ፊርማ