እማዬን የጠበቀችው ጽጌረዳ
ኖርዌጂያኗ ጎረቤቴ መቀስ ይዘው ወደ ጽጌረዳዬ ሲያጎነብሱ ሳይ፣ በትልቅ ሰው ላይ አይጮህም እንኳ ሳልል፣ በቋንቋቸው "ኔይ!"፣ አይሆንም፣ ብዬ ጮህኩባቸው። እዚህ በአገራቸው፣ ላምበርትሴተር በሚባል ሰፈር፣ በረንዳዬ ሥር ባለችው ቁራሽ መሬት ላይ የተከልኳት፣ ከጉልበቴ የማታልፍ ቀይ ጽጌረዳ ናት። እሸት ወላጅ ሳይመርቀው አይቀመስም ብላ ያሳደገችኝ እማዬ በዚያ በጋ ልትጠይቀኝ ልትመጣ ነበርና፣ የመጀመሪያውን አበባ እሷ ትቁረጠው ብዬ ተውኩት። አበባው ደረቀ። ቪዛው ተከለከለ። እኔ ደግሞ እልኸኛ ነኝ፤ ያኔም አልቆረጥኩትም።

"ደረቁ ካልተቆረጠ እኮ አዲስ አታወጣም" አሉኝ ሴትዮዋ ደንግጠው። ነገሩን ስነግራቸው መቀሱን እጄ ላይ አስቀመጡና፣ "በይ ለእናትሽ ደውዪላት" አሉኝ። በቪዲዮ ደውዬ አሳየኋት። እማዬ ወደ ስልኩ ጠጋ ብላ ጽጌረዳዋን አየቻትና፣ "ምነው ልጄ፣ ደረቅ አሸክመሽ አቆምሻት? መርቄያለሁ፣ ቁረጪው። ስመጣ አዲሱን አያለሁ" አለችኝ። ቆረጥኩት።

"ምን አለች?" አሉኝ አማርኛ የማያውቁት ጎረቤቴ።

"እመጣለሁ አለች" አልኳቸው።