ሁለቱ እንድሪስ ይማሞች

(ኮምቦልቻ፣ የጠፉ ሰዎች መመዝገቢያ ቢሮ፤ ረፋድ ላይ። ልጃቸው ተገኝቷል ተብለው ሰመራ ደርሰው የተመለሱት ወይዘሮ ዘምዘም፣ የቢሮው የኮምፒውተር ባለሙያ አምሳሉ ፊት ቆመዋል።)

ዘምዘም፦ አልቀመጥም አልኩህ! ያ ልጅ የኔ አይደለም።

አምሳሉ፦ እማማ፣ ስሙ እንድሪስ ይማም አይደለም?

ዘምዘም፦ ነው እንጂ። በግ አሳርጄ፣ ጎረቤት እልል ብሎ ሸኝቶኝ፣ ሄጄ አንገቱ ላይ ተጠመጠምኩ። ቀና ሲል የማላውቀው ፊት!

አምሳሉ፦ እሱስ ምን አለ?

ዘምዘም፦ «እናቴ ናት የላከችዎት?» አለኝ። ምን ልበለው?

አምሳሉ፦ ጥፋቱ የኔ ነው።

ዘምዘም፦ ደውላ ያበሰረችኝ ጸሐፊዋ ናት እኮ።

አምሳሉ፦ እሷ ያነበበችው እኔ ያዘጋጀሁትን ነው። ዋናው መዝገብ አዲስ አበባ ነው፤ እዚያ የተጻፈው እዚህ ይገለበጣል። ኔትወርኩ ደካማ ስለሆነ ሁሉም ዓምድ አይምጣ አልኩ። ስም፣ የአባት ስም፣ ስልክ፣ ያለበት ሁኔታ፤ እነዚህን መረጥኩ። መለያ ቁጥሩን ተውኩት።

ዘምዘም፦ የእናት ስምስ?

አምሳሉ፦ እሱንም።

ዘምዘም፦ ዘጠኝ ወር የተሸከምኩት እኔ ቀረሁ በለኛ!

አምሳሉ፦ አዲስ ነገር ሲመጣ ኮምፒውተሩ፣ መለያ ቁጥር ስለሌለ፣ የማን ረድፍ ላይ እንደሚጽፍ አላውቅም አለኝ። «በስም ፈልግ» አልኩት። እንድሪስ ይማም ደግሞ ሁለት ነው፤ ሁለቱም ላይ ጻፈ።

ዘምዘም፦ እሺ፣ አሁን ለየው። የኔው የት ነው ይላል?

አምሳሉ፦ (ወንበር ይስብላቸዋል።)

ዘምዘም፦ አንተ ልጅ!

አምሳሉ፦ ዛሬ ጠዋት ከዋናው መዝገብ በቁጥሩ ፈልጌ አየሁት። እማማ፣ እባክዎ ይቀመጡ።

ዘምዘም፦ ቆሜ ልስማው።

አምሳሉ፦ አርፏል። ከሦስት ወር በፊት፣ ሚሌ ላይ። ለኛ የደረሰን ገና ትናንት ነው።

ዘምዘም፦ ማን ቀበረው?

አምሳሉ፦ የዚያው አገር ሰዎች። ሰግደውበታል ይላል።

ዘምዘም፦ አልሐምዱሊላህ... እንድሪሴ። የኔ ዓለም። እኔ በግ ሳሳርድ አንተ አፈር ውስጥ ነበርክ?

አምሳሉ፦ ይቅር ይበሉኝ፣ እማማ።

ዘምዘም፦ ቆይ። ሁለቱም ላይ ይጽፋል አላልክም? ያችኛዋ እናትስ ምን ተባለች?

አምሳሉ፦ መገኘቱን ልንነግራት ስንደውል ስልኳ ዝግ ነበር። ትናንት ግን አነሳችው፤ የእርስዎ ልጅ ሞት በሷም ልጅ ላይ ተጽፎ ስለነበር «ሞቷል» ተባለች። ሐይቅ ከተማ ነው ቤቷ፤ ለቅሶ ተቀምጣለች። ከጠዋት ጀምሮ ብደውል ብደውል የሚያነሳ የለም።

ዘምዘም፦ ተነስ፣ መኪና ፈልግ። የኔን ለቅሶ ማታ እደርስበታለሁ፤ ልጇን በዓይኔ ያየሁት እኔ ነኝ፣ እኔው ልንገራት።