አዝራርና የሟቹ እሬት

የሟቹ ልብስ ሰፊ ባልቴት ውሻቸውን በፎጣ ጠቅልለው ደረጃውን ሲወርዱ፣ የጎረቤታቸው ልጅ ሽቅብ ስትወጣ መሐል ላይ ተገናኙ። ልጅቷ የእንስሳት ሕክምና ትምህርቷን ልትጨርስ ጥቂት ወራት ቀርቷታል። ለባልቴቷ ግን ገና የትናንት ልጅ ናት፤ ለነገሩ እርሳቸው ዘንድ ከስልሳ በታች ያለ ሁሉ የትናንት ልጅ ነው።

«እማማ፣ አዝራር ምን ሆነብዎት?»

«ያስመልሰዋል። ሆዱም አልቆም አለ። መድኃኒት ብሰጠው ጭራሽ ባሰበት።»

«ምን መድኃኒት?»

«እሬት ነዋ! ጨምቄ በወተት።»

ልጅቷ ደነገጠች። «እማማ፣ እሬት እኮ ለውሻ መርዝ ነው!»

«ወይ ጉድ! እንቁላሏ ዶሮዋን ልታስተምር! በአራት ዓመትሽ የፈላ ውሃ ክንድሽን ሲልጠው በማን እሬት ነው የዳንሽው? እስቲ ጠባሳሽን አሳዪኝ!»

«የለኝም፤ እግዜር ይስጥልኝ። እሱ ግን ቆዳ ነው፤ ይኼ ሆድ ነው። ከቅጠሉ ልጣጭ ሥር የሚወጣውን ቢጫ ውሃ የውሻ ሆድ አይችለውም።»

«ውሻ መድኃኒቱን ያውቃል። እሱው ራሱ ሲገምጠው አይቼ ነው የጨመርኩለት።»

«ከመታመሙ በፊት ነው የገመጠው ወይስ ከታመመ በኋላ?»

ባልቴቷ ምላሳቸው ስለታም ነው እንጂ ውሸት አያውቁም። ቅጠሉ ጠዋት ተገምጦ ነበር፤ ያስመለሰው ረፋዱ ላይ ነው።

«በፊት» አሉ ቀስ ብለው። «ግን ምን ሊያደርግለት መራራ ይበላል?»

«ብቻውን የዋለ ውሻ ያገኘውን ያኝካል።»

ይህ ቃል ከእሬቱ ይልቅ መረራቸው። እሬቱን በዘይት ጣሳ የተከሉት ሟቹ ባለቤታቸው ነበሩ፤ ካውያ ሲፈጃቸው አንድ ቅጠል ቀንጠስ አድርገው ይቀቡ ነበር። ውሻውን ግንባሩ ላይ ባለችው ጥቁር ነጥብ «አዝራር» ያሉትም እሳቸው ናቸው። ባለቤታቸው ሲሰፉ ውሻው የስፌት መኪናው መርገጫ ሥር ይተኛ፣ ቤቱም ቀኑን ሙሉ ጠከ ጠክ ይል ነበር። ባለቤታቸው ሞተው መኪናው ዝም ካለ ወዲህ አዝራር ጣሳውን አቅፎ ይውላል። ላም እሳት ወለደች ነው ነገሩ፦ ጣሳውም የሟቹ፣ ውሻውም የሟቹ።

«እንግዲያው ጣሳውን ልጣለው?» አሉ።

«ማን ጣሉት አለ? ይስቀሉት! አሁን ግን ፎጣውን እኔ ልያዝ፤ ክሊኒክ እንሂድ።»

አዝራር በመርፌና በደም ሥሩ በተሰጠው ውሃ ዳነ። «አንድ ቀን ብትቆዩ ኖሮ ይሞት ነበር» አለ ሐኪሙ። ባልቴቷ ውሻውን መልሰው በፎጣው ጠቀለሉት።

ጣሳው ዛሬ ባለቤታቸው ሜትር ይሰቅሉበት በነበረው ምስማር ላይ፣ መስኮቱ አናት ተንጠልጥሏል። እዚያ ብርሃን አግኝቶ ቡቃያ አውጥቷል። ለሰው ቃጠሎ ቅጠል ይቀነጠሳል፤ የውሻ አፍ አይደርስበትም። ውሻ ያለው ጎረቤት ሁሉ አበባ ቤቱ ከማስቀመጡ በፊት፣ ለውሻ መርዝ እንዳይሆን ለልጅቷ ያሳያል፤ ደረጃ ላይ እያስቆሙ እንዲህ አድርጉ የሚሏቸው ባልቴቷ ናቸው። «እኔ ፊደል አልቆጠርኩም» ይላሉ፣ «ግን ከትናንት ልጅ መስማት ቁመቴን አላሳጠረኝም። መድኃኒቴ የሁሉ መድኃኒት መስሎኝ የባለቤቴን ውሻ ልገድል ነበር!»

ከሰዓት በኋላም የስፌት መኪናው ፊት ይቀመጣሉ። መስፋት አያውቁም፤ ክርም አያስገቡም። መርገጫውን ብቻ ጠከ ጠክ ያደርጉታል። አዝራርም መጥቶ እግራቸው ሥር ይተኛል።