የአሥራ ዘጠኝ ሰከንድ ታሪክ

ሰኞ ጠዋት ልብስ ሰፊዋ ሱቋን ከመክፈቷ በፊት ወንድሟ ቤት ብቅ አለች። ወንድሟ "አሞኛል" ብሎ ከሥራ ቀርቶ፣ ብርድ ልብሱን እስከ አናቱ ተከናንቦ ሶፋው ላይ ተጋድሟል። ሚስቱ ልጇን አዝላ የቴሌቪዥኑን አቧራ በእርጥብ ጨርቅ ትወለውላለች። ሰውየው እንዳልተኛ ሁለቱም ሴቶች ገብቷቸዋል። የተኛ ሰው በር ሲከፈት ትንፋሹን አይውጥም።

"ይግቡ እትዬ፣ ይግቡ! ጫማዎን አያውልቁ፣ ወለሉን ገና አልነካሁትም። ሱቅ እንዴት ነው? ያቺ የሙሽራዋ እናት ቀሚሷን ወሰደች? አሁንም ይጥበብልኝ አለች? ወይ ጉድ... ሰው እኮ ከሰውነቱ ይልቅ ልብሱ እንዲከሳለት ይፈልጋል። ቁጭ ይበሉ። ድምፃችንን ብቻ ቀነስ እናድርግ፤ የደከመው ሰው አለ።"

ልብስ ሰፊዋ ከወንበሩ ጫፍ ላይ አረፍ አለች። የወንድሟ ሚስት እንዲህ ወሬ ስታበዛ ሰምታ አታውቅም። ዓመት ሙሉ ከ"እሺ" እና ከ"ምንም አይደል" በቀር ብዙ ከአፏ የማይወጣ ሴት ናት። አሥረኛ ክፍል ላይ ያረገዘች ጊዜ ደብተሮቿን በፌስታል ጠቅልላ ቁም ሣጥን ላይ ሰቀለቻቸው፤ ዛሬም እዚያው ናቸው። የማታ ትምህርት ቤት የመመዝገቢያዋን ገንዘብ ከልጁ ልብሶች ሥር በፖስታ አድርጋ አስቀምጣ ነበር። ቅዳሜ ዕለት ባሏ "ለሁለት ቀን ብቻ" ብሎ ፖስታውን ወሰደው። ምዝገባው ደግሞ ዛሬ በስድስት ሰዓት ይዘጋል።

"እኔ የምልዎ እትዬ... አንድ የማውቀው ሰው አለ። ማን እንደሆነ ይተዉት፤ ብነግርዎም አያውቁትም። እንዴት ያለ ለጋስ መሰልዎ! ሌላው ሰው ለዘመዱ፣ ለጎረቤቱ ይለግሳል። እሱ ግን ስሙን እንኳ ለማያውቁት፣ ባሕር ማዶ ላሉ ሁለት ጡንቸኞች ነው የሚለግሰው። ቅይጥ ማርሻል አርት ይሉታል። ቡጢ አለ፣ ርግጫ አለ፣ ትግል አለ፣ ማነቅ አለ። ሰዎቹን ሽቦ ውስጥ ይዘጉባቸዋል፣ እርስዎ ከፍለው ያያሉ። ካልከፈሉ ቴሌቪዥኑ ጥቁር ነው። ሲከፍሉ ይበራል... ደስ አይልም?

"ለዚህ ግጥሚያ ሦስት ወር ሙሉ ሲዘጋጅ ነበር። ተፋላሚዎቹን ማለቴ አይደለም፤ የማውቀውን ሰው ነው። ተፋላሚዎቹ ጋዜጠኞች ፊት ጠረጴዛ ከበው ሲሰዳደቡ አንዷን ስድብ አላሳለፈም። አንዱ የውሃ ጠርሙስ ሲወረውር፣ ሚስቱን ከወጥ ቤት ጠርቶ 'አየሽ? ይሄ ጥላቻ የውሸት ይመስልሻል?' አላት። በውስጥ ሱሪ ሚዛን ላይ ሲወጡም ቆሞ ነው ያያቸው፤ ማን ስንት ኪሎ እንደሆነ እስከ ግራሟ ይነግርዎታል። የገዛ ልጁ ክሊኒክ ሲመዘን ግን አልተመቸውም... ሰው ሁሉም ቦታ ይደርሳል እንዴ እትዬ? እንዲያው እንፍረድ ብለን ነው እንጂ!"

ከብርድ ልብሱ ጫፍ የወጣ አንድ የእግር ጣት ቀስ ብሎ ወደ ውስጥ ገባ። ሚስትየው አይታዋለች። ጨርቁን ጨምቃ መስተዋቱን እንደገና ወለወለችው።

"ትናንት ጠዋት ታዲያ ቤቱ ሞልቶ! ፀጉር አስተካካዩ መጣ፣ ጎማ ጠጋኙ መጣ፣ ባለ ታክሲው ሁለት ወንድሞቹን ይዞ መጣ። 'እናዋጣለን' ብለው ነበር፤ አልዋሹም፣ ጭብጨባ አዋጡ። ዳቦው አልቆ እኔ ሁለቴ ተመላለስኩ።

"ከዋናው በፊት በነፃ የሚያሳዩት አለ። 'ይሄ ማሟሟቂያ ነው፣ አትዪው' አለኝ ያ ሰው። እኔ ደግሞ ልጄን እያጠባሁ ዓይኔን የት ላድርገው? ሁለት ሴቶች ናቸው። ስማቸውን እንኳ ማንም አልጠራላቸውም። አንደኛዋ ቅንድቧ ተተርትሯል። ወደቀች፣ ተነሳች። ደግማ ወደቀች፣ ደግማ ተነሳች። ሦስት ዙር ሙሉ! በመጨረሻ በነጥብ ተሸነፈች። ከዚያ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? የአሸናፊዋን የተፈታ ሹሩባ በዚያ ባበጠ እጇ ሰብስባ አሰረችላት። ወንዶቹ አላዩም፤ ስለ ዋናው ግጥሚያ እያወሩ ነበር። በነፃ የመጣ ነገር ምን ይታይበታል?

"ከዚያ ዋናው ደረሰ። ጭሱ፣ ዘፈኑ፣ መብራቱ! ሻምፒዮኑ ከበር እስከ ሽቦው ለመድረስ የፈጀበት ጊዜ እኔ ልጅ ልወልድ ሆስፒታል ስሄድ አልፈጀብኝም። ልክ ሊጀመር ሲል ውጭ የሠፈር ልጆች ኳስ እየመቱ ጮኹ። የማውቀው ሰው ተቆጣ። ትልቅ ነገር ሊታይ እንዴት ይጮሃል? በሩን በርግዶ ወጣና 'ዝም በሉ! ታሪክ ልናይ ነው!' አላቸው። አፋቸውን አስያዛቸው፤ አንበሳ ነው፣ ልጆች ላይ ሲሆን! ሲመለስ ፀጉር አስተካካዩ ጫማውን እያጠለቀ ነው።

"'ምነው? ምን ሆነ?'

"'አለቀ።'

"'ምኑ?'

"'ታሪኩ።'

"አሥራ ዘጠኝ ሰከንድ! እኔ የዚህን ልጅ ሽንት ጨርቅ ከዚያ ባነሰ ቀይሬ አላውቅም።"

ልብስ ሰፊዋ የሻርፗን ጫፍ አፏ ላይ አድርጋ ወደ መስኮቱ ዞረች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል።

"አይሳቁ እትዬ፣ የሚያስቅ ነገር የለውም። ያ ሰው አልተሸነፈም እኮ። 'ጥራት በሰዓት አይለካም' አለ። 'የሃያ ዓመት ልምምድ ነው በአሥራ ዘጠኝ ሰከንድ ያየነው' ብሎ ተከራከረ። ያላየውን ነገር እንዲህ አሳምሮ የሚመሰክር ሰው ገጥሞዎት ያውቃል? ከሰዓት በኋላ ባለ ታክሲው ቪዲዮውን በስልክ ላከለት። በነፃ... አራት ጊዜ አየው። አራቱም ጊዜ አጨበጨበ።

"እኔ ያዘንኩት ለወደቀው ሰውዬ ነው። መንጋጋውን ይዞ ሲነሳ የት እንዳለ አላወቀም። ግን እሱስ ቢያንስ ተከፍሎት ነው የወደቀው። ከፍሎ የሚወድቅ ሰው ግን እትዬ... አይተው ያውቃሉ? አሁን ደግሞ የመልስ ግጥሚያ አለ አሉ፣ ከስድስት ወር በኋላ። ሰውየው ሚስቱን ምን ቢላት ጥሩ ነው? 'አንቺ ለከርሞ ትመዘገቢያለሽ፤ ትምህርት ቤቱ የት ይሄዳል?' አስተዋይ ነው። ትምህርት ቤት አይሄድም፣ እውነት ነው። ሄዶ የሚመጣው ቡጢ ነው።"

ይህን ስትል እጇ ከቴሌቪዥኑ ኋላ ገብቶ ሶኬቱን ነቀለ። ገመዱን በክንዷ ዙሪያ ጠቀለለችው። ብርድ ልብሱ እስከ አፍንጫ ዝቅ አለ፤ ሁለት ዓይኖች ብቅ አሉ። ልብስ ሰፊዋ ተነስታ ቴሌቪዥኑን በአንድ በኩል ያዘች። ልትገዛው ትናንት ማታ በስልክ ሁሉንም ጨርሰዋል፤ የመመዝገቢያው ገንዘብም ከሚስትየው ቀሚስ ኪስ ገብቷል።

"ቀስ ይበሉ፣ ጠርዙን እንዳይመታው። እናቴ ልጁ ሲወለድ 'ማባበያ ይሁንሽ' ብላ የላከችልኝ ዕቃ ነው። ልጁ አሁን ሳይባበልም ይተኛል። ትልልቆቹን ለማባበል ደግሞ የኔ አቅም አልቻለም። ሱቅዎ ይግባና ልብስ እስኪደርስላቸው የሚጠብቁ ደንበኞች ይዩበት። በነፃ የሚታየውን ብቻ ይክፈቱላቸው፤ እሱ ይበልጣል።"

ከቁም ሣጥኑ ላይ ፌስታሉን አወረደች። ልጇን ከጀርባዋ ፈትታ፣ የባሏ ደረት ላይ በቀስታ አስቀመጠችው። ልጁ የአባቱን አፍንጫ ያዘ። አባትየው ልጁን በሁለት እጁ ደገፈው። እሷ ወደ እሱ ሳትዞር ቴሌቪዥኑን በሌላው በኩል አነሳች።

"ይሂዱ፣ ከፊት ይሁኑ እትዬ። መመዝገብ ከአሥራ ዘጠኝ ሰከንድ ትንሽ ይበልጣል፤ ወረፋም ይኖራል፣ ሳይረፍድብኝ። ለዚያ ለማውቀው ሰው ግን ክፉ አልመኝም፤ ደግ ሰው ነው። ፈጣሪ ዕድሜውን እንደ ማስታወቂያው ያርዝምለት፣ ሕመሙን እንደ ግጥሚያው ያሳጥርለት። ልጁ አድጎ የአባቱን ታሪክ ሲያወራም፣ አጠገቡ ቁጭ ብሎ ለመስማት ያብቃው... ታሪኩ አጭር ነው፣ ብዙ አያስቀምጠውም። አሜን ይበሉ እንጂ እትዬ!"